የጌድዮን ቢጫ ምልክት

ዲሪቤ መቱ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ታትማለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች። ደንበኞቿ ፎቶውን በብሉቱዝ ይልኩላታል። የከተማው ስልክ ሁሉ ስሙ አንድ ዓይነት ሆኖ ቢያስቸግራት፣ «መጀመሪያ ስልካችሁን በገዛ ስማችሁ ሰይሙ!» የሚል ሕግ አወጣች። ሕጉ ደግ ነበር። ጣጣው የመጣው ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ስልክ በስሙ እየጠራ «ድራይቨሩ አልተገኘም» ማለት ሲጀምር ነው፤ ድራይቨር ኮምፒውተርን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ከስሙ ጎን ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክትም ይለጥፍበታል። ዲሪቤ ፎቶው እስከገባላት ድረስ ደንታ አልነበራትም።

ሐሙስ ዕለት ወንድሟ ጌድዮን ፎቶ ልኮ እንደወጣ እትዬ ወርቅውሃ ገቡ። ጌድዮን ኖፓ ወረዳ የሚያስተምር ጨዋ ልጅ ነው፤ የእትዬ ወርቅውሃን ልጅ ሆሳዕናን ለማግባት እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ተሰናድቷል።

«ይኼ ልጅ ምን ሆኖ ነው ምልክት የተደረገበት?» አሉ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የጌድዮንን ስም አይተው።

«ስልኩ ነው እንጂ እሱስ ደህና ነው፣ እትዬ።»

«ኮምፒውተር በሰው ስም አይዋሽም!» ብለው ወጡ። «ሽማግሌዎቹ እንዳይመጡ» የሚል መልእክት ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

ዲሪቤ ክው አለች። ጌድዮን ሆሳዕናን ካጣ ዕድሜ ልኩን እንደሚያኮርፋት ታውቃለች። በድንጋጤ የወንድሟን ስም ከኮምፒውተሩ ሰረዘችው። በማግስቱ እትዬ ወርቅውሃ ብቅ ብለው በዓይናቸው ፈለጉና፣ «ጭራሽ ደበቃችሁት!» አሉ።

ዲሪቤ ያን ቀን ሱቁን ዘግታ ስትጎረጉር ዋለች። በመጨረሻ ነገሩ ገባት። ስልኩ ፎቶ ላክ ሲባል ሙዚቃ ላጫውት፣ ጥሪ ልቀበል እያለ ባልተጠራበት ሁሉ ይቀርባል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ድራይቨር የለውም። የጌድዮንን ስልክ አስመጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር መልሳ አጣመረች፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብታ የማትፈልጋቸውን አገልግሎቶች ስታጠፋ ቢጫው እልም አለ። ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ግን ማን ያምናታል?

ቅዳሜ እትዬ ወርቅውሃ የሆሳዕናን የምረቃ ፎቶ ሊያሳትሙ መጡ። ሱቁ በወረፋ ጠባቂ ሞልቷል። ስልካቸው እንደተጣመረ «ወርቅውሃ» የሚለው ስም ቢጫውን አንጠልጥሎ ብቅ አለ። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«ማሎ ዲሪቤ!» አሉ እትዬ ወርቅውሃ፤ ሲጨንቃቸው ልመናው በኦሮምኛ ነው። «ቶሎ አጥፊልኝ!»

«ስምዎን ልሰርዘው?»

«ተደበቀች ሊሉኝ? እንዳታደርጊው!»

«የጌድዮንን ያጸዳሁበት መንገድ አለ» አለች ዲሪቤ፣ እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ። «ነገ ሽማግሌዎቹ ይምጡ?»

«ይምጡ! በጠዋት ይምጡ!»

ዲሪቤ ማውሱን የነካችው ያን ጊዜ ነው።