ከነሥሩ የሄደ አበባ

ልጅ እያለሁ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አበባ የሚሸጥ ሰው አልነበረም። አበባ ከመስክ ይለቀማል፣ ለዘመን መለወጫ በየደጁ ይሰጣል፣ ለቤተ ክርስቲያን ይወሰዳል እንጂ ገበያ አይወጣም። የመጀመሪያው አበባ ሻጭ ጎረቤታችን አቶ ሰይድ ነበሩ፤ እሳቸውም የሸጡት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ልጽፈው ብዙ ጊዜ አስቤ ትቼዋለሁ። አሁን የሚያስታውሰው ሰው እኔ ብቻ ስለ ቀረሁ እጽፈዋለሁ።

ጣሊያን ከተማችን ከገባ ሦስተኛው መስከረም ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ሐምሌ ላይ ለአርበኞች እህል ልኳል ተብሎ ታሰረ፤ ልኮም ነበር። እስር ቤቱ የጣሊያኖቹ አዛዥ ካፒቴኑ በሚኖርበት ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው፤ ዙሪያው የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ በላይ ሽቦ። እናቴ በየቀኑ ምሳውን በአገልግል ይዛ እስከ ታችኛው በር ትወርዳለች። እዚያ ስንቅ ይዘው ከሚሰለፉት ሴቶች ጋር ትቆማለች፣ ዘበኛው ይቀበላታል፣ ትንሽ ቆይቶ ባዶውን ይመልስላታል። ከበሩ ማለፍ ለእስረኛ ዘመድ ክልክል ነበር።

እናቴን ያስጨነቃት የአገልግሉ ባዶ መሆን ነው። በእኛ አገር አባት ሲበላ ለልጁ ትራፊ ያስቀራል። አባቴም ምንም ቢርበው ገበታውን ጨርሶ አያውቅም፤ ከወጡ ደህና ደህናውን እንጀራው ጫፍ ላይ ሰብስቦልኝ ይነሣ ነበር። ያ አገልግል ግን ዳር ዳሩ ሳይቀር ተጠርጎ ይመጣል። አንድ ቀን ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ ቆመች፣ ክዳኑን ከፈተችና ወደ ውስጥ አየች። «ይህን የበሉት እሳቸው አይደሉም» አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተናገረችም። ስንቁን ግን አንድም ቀን አላስታጎለችም። በሕይወት ይኑር ይሙት ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

አቶ ሰይድ ገበያው ዳር ሱቅ ነበራቸው። ጨው፣ አቡጀዲ፣ ክርና መርፌ ይሸጣሉ። ለጣሊያኖቹም እንቁላልና ዶሮ በትእዛዝ ያቀርቡ ስለ ነበር ከሰው ብዙ ስድብ ይደርስባቸዋል። ዘመን መለወጫ ባለፈ በአራተኛው ቀን ጧት ደጃችን መጥተው ቆሙ።

«ይርገዱ፣ ጉድ ልንገርሽ» አሉ እናቴን። «አስተርጓሚው ሱቄ መጣና አበባ አምጣ አለኝ።»

«ምን?»

«አበባ። የካፒቴኑ ሚስት ነገ በአይሮፕላን ትመጣለች። ቤቱ በትኩስ አበባ ይሙላ ብሏል። ዶሮ ቢሉኝ ዶሮ፣ እንቁላል ቢሉኝ እንቁላል አመጣለሁ። አበባ በምን ይሰፈራል? በቁና ነው በሸክም?»

«እና እኔን ምን አድርጊ ይሉኛል?»

«ካንቺ ጓሮ የተሻለ ጽጌረዳ ያለው ማን ነው? አደዩን ደግሞ ልጅሽ ታውቅበታለች። ሰሞኑን ከጓደኞቿ ጋር መስኩን ራቁቱን አስቀርተውት የለም እንዴ!»

የእናቴ ፊት ጠቆረ። «ባሌን ያሰረ ሰው ቤት ላስጊጥ? አንቱስ ይህን ይዘው እኔ ደጅ ይመጣሉ? እሰይ! የአበባ ነጋድራስ!»

አቶ ሰይድ አልተቆጡም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስደቢኝ። ግን የካፒቴኑ ቤት የት እንደሆነ ረሳሽው? እንቁላሉን ከበሩ ነው የሚቀበሉኝ። አበባውን ግን እቤቱ ድረስ አድርስ ተብያለሁ። የምንገባው በላይኛው በር ነው፤ እዚያ የሚያውቅሽ ዘበኛ የለም።»

እናቴ ዞራ የጓሮዋን ጽጌረዳ አየች። ከዚያ «ስንት ቅርጫት?» ብላ ጠየቀች።

«ሁለት ይበቃል። ሳይጠወልግ አምስት ቀን ይቆይ ብሏል። ደግሞ ይርገዱ፣ የእስረኛ ሚስት መሆንሽን ካወቁ እኔም አልወጣም፣ አንቺም አትወጪም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ስሚ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

ስህተቱን የሠራነው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ሴቶች ልጆች በዘመን መለወጫ ዋዜማ ወደ መስክ ወርደን እንግጫ የሚባለውን ሣር ከአደይ አበባ ጋር እናመጣለን። እንግጫ አይታጨድም፣ ይነቀላል። እርጥቡ መሬት እምቢ ብሎ ብሎ ድንገት ሲለቀው፣ ሥሩ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ነው ደስታው። ሣሩ ተጎንጉኖ ምሰሶ ላይ ይታሰራል፣ እስከ መስቀልም እዚያው ይከርማል። የተቆረጠ አበባ ውኃ ውስጥ ቆሞ ቤት እንደሚያስጌጥ ያየ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። አምስት ቀን ይቆይ ከተባለ ያለው መንገድ አንድ ብቻ መሰለን። አደዩን ከነሥሩና ከነአፈሩ ነቀልነው። እናቴ ከጽጌረዳው ግንድ ሥር የበቀሉትን ቡቃያዎች በዶማ ገንጥላ አወጣቻቸው። ሥሩን በእርጥብ የኮባ ቅጠል ጠቀለልነውና በማግስቱ ጧት ሁለቱን ቅርጫት በአቶ ሰይድ አህያ ላይ ጫንን። እሳቸውም አይተው «እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው አመሰገኑን። የጥቁሩ አፈርና የኮባው ሽታ እስከ ላይኛው በር ድረስ አብሮን ሄደ።

ዘበኛው ቅርጫቶቹን በዱላ ነካ ነካ አድርጎ አስገባን። ካፒቴኑ ተላጭቶ፣ ልብሱን አስተኩሶ ከአስተርጓሚው ጋር በረንዳው ላይ ቆሟል። አንዱን አደይ ብድግ ሲያደርገው አፈሩ ተዘርግፎ የሚያብረቀርቅ ጫማው ላይ ወደቀ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አስተርጓሚው። «አበባ ተባልክ እንጂ እርሻ ተባልክ?»

«ጌታዬ፣ አምስት ቀን ይቆይ ብለዋል» አሉ አቶ ሰይድ። «ይህ አምስት ወር ይቆያል።»

አስተርጓሚው ይህን ለካፒቴኑ ነገረው። ካፒቴኑ ጫማውን አየ፣ ደመናውን አየ፣ አጭር ነገር ተናግሮ ወደ ቤት ገባ።

«እንግዲያው እደጁ ይተከል ብሏል። ቆፋሪዎች ይመጣሉ፤ አተካከሉን አንቺ አሳያቸው» አለ አስተርጓሚው ለእናቴ።

ቆፋሪዎቹ እነማን እንደሆኑ አላሰብንም። እናቴ ከገባን ጀምሮ ዓይኗ እስረኞቹ ያሉበትን የቆርቆሮ ቤት ሲፈልግ ነበር። ዘበኛው ከቤቱ ጀርባ ዞሮ አራት ሰዎች ዶማ አስይዞ አመጣ። ሦስተኛው አባቴ ነው።

ጺሙ አድጓል። የአንገቱ አጥንት ከሸሚዙ በላይ ወጥቷል። የምንልከው ምግብ አንድም ቀን እንዳልደረሰው በልጅነቴም ገባኝ። አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ የጥፍሯ ምልክት እስከ ማታ አልጠፋም። «ከበርሜሉ ውኃ አምጪ» አለችኝ። ሄድኩ። ማሰሮውን ሞልቼ ስመለስ አባቴ ተንበርክኮ ይቆፍራል፤ እናቴ በላዩ ቆማ ታየዋለች። አቶ ሰይድ የአህያውን ጭነት እንደሚያስተካክል ሰው ፊታቸውን አዙረዋል። እሳቸው እንኳ ማየት የፈሩትን እሷ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች።

ዘበኛው የእኛው አገር ሰው ነው፤ የእነሱን ልብስ ለብሷል። «ሴትዮ፣ ምን ታፈጥጪበታለሽ?» አላት። «ታውቂዋለሽ ወይ?»

እናቴ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አባቴን አንቱ ነው የምትለው። ስትቆጣም አንቱ፣ ስትስቅም አንቱ። በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። ሰፈሩም ሲያልፍ ይነሣለት ነበር።

«ከየት አውቀዋለሁ?» አለች። «ሥሩን ሊቆራርጥብኝ ነው እንጂ!» ከዚያ ወደ አባቴ ጎንበስ አለች። «አንተ! አጥልቀህ ቆፍር። ወገብህ ተቆርጧል እንዴ?»

ዘበኛው ሳቀ።

«እሺ፣ እሜቴ» አለ አባቴ።

ሌላ አልተነጋገሩም። ቅርጫቶቹ እስኪያልቁ ድረስ እናቴ አንድ አንዱን ታቀብለዋለች፣ እሱ ይተክላል፣ እኔ ውኃ አፈሳለሁ። «አንተ፣ ይህን እዚያ። አንተ፣ ይህን አቅናው።» ድምፅዋ አልተለወጠም። ሲያልቅ ዘበኛው አስነሣቸውና ወሰዳቸው። አባቴም ዞሮ አላየንም፣ እኛም ከኋላው አላየነውም። በዚያ ቀን በደመናው ምክንያት አይሮፕላኑ አልመጣም። የካፒቴኑ ሚስት በሌላ ቀን ትምጣ አትምጣ አላውቅም።

ስንመለስ አቶ ሰይድ አህያውን እየነዱ ከፊት ከፊታችን ሄዱ። ቤታችን አጠገብ ስንደርስ እናቴ «በሕይወት አሉ» አለች። አልቅሳ እንደሆነ አላየሁም። ማታ ልብሴን ስታራግፍልኝ ግን ጠየቀችኝ፦ «አንቺ አጠገባቸው ነበርሽ። እሺ እሜቴ ሲሉኝ ፊታቸው እንዴት ነበር? ፈገግ ብለዋል?»

«አዎ» አልኳት።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ እስረኞቹ በካሚዮን ተጭነው ተወሰዱ። ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም። ጣሊያን ለቆ ሲወጣ እናቴ ወደ ግቢው ሄዳ እያንዳንዱን ክፍል ከፍታ አየች። ከጽጌረዳዎቹ ሁለቱ ይዘው አድገዋል፤ አልነካቻቸውም። ሁለት ዓመት ጠብቃ ተዝካሩን አወጣች።

ባልዋን ለማዳን ያለችው ስለሆነ ኃጢአት እንደሌለበት የንስሐ አባቷ ነግረዋታል። መስቀሉን ተሳለመች፤ ግን የጠየቀችው ስለ ኃጢአት አልነበረም። ለባሏ የተናገረችው የመጨረሻው ቃል «አንተ» መሆኑን ነው መሸከም ያቃታት። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፣ ሥራ ላይ ሳለን፣ ሌላ ነገር እንደምትጠይቅ ሆና ትጠይቀኝ ነበር። «እውነት ፈገግ ብለው ነበር?» እኔም ሳድግ፣ ስማር፣ ሳገባ፣ ስወልድ መልሴን አልለወጥኩም።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አበባ ቤት አለ። ስልክ ይደወላል፣ ቀለሙ ይመረጣል፣ ባጃጅ ደጅ ድረስ ያመጣዋል። ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ ባል እንዲህ አድርጎ ጽጌረዳ ላከላት። ግንዱ እኩል እኩል ተቆርጦ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ተጠቅልሏል። ማታ ሲገባ «አንተ፣ ምን አስቸገረህ?» ብላ አንገቱን አቀፈችው። ከተዋወቁበት ቀን ጀምሮ አንተና አንቺ ነው የሚባባሉት፤ ቃሉ ማንንም አልከበደውም። እኔ ብቻ ነኝ ቀና ብዬ ያየሁ። እነሱ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ይህም ጥሩ ነው። እናቴ ይህን ብታይ ምን እንደምትል አላውቅም። ምናልባት ይቀልላት ነበር።

እናቴ ከሞተች ቆይቷል፤ ስለዚህ አሁን መናገር ይቻላል። አባቴ ሲመልስላት ፊቱን አላየሁም። ማሰሮውን አቅፌ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ያየሁት እጆቹን ብቻ ነው፤ የአደዩን ሥር ጉድጓዱ ውስጥ አስተኝተው አፈሩን ቀስ እያሉ ይመልሱበት ነበር።