ማን ነው የሚስቀው?

ዛሬ ከምሳ በኋላ ልጄን "ይሄን ነገር አጥፊልኝ!" ብዬ ጮኽኩባት። አሁን ቆጭቶኛል።

እሷ ምን ታድርግ? ደስ ይለዋል ብላ ስለ ጦር ሜዳ ሐኪሞች የተሠራ፣ ዓመታት የዘለቀ የድሮ የፈረንጅ አስቂኝ ድራማ ከፈተችልኝ። "አባዬ፣ ያንተ ሥራ እኮ ነው!" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በደርግ ጊዜ ሰሜን ግንባር ድሬሰር ነበርኩ።

ሐኪሞቹ እየቀለዱ ያክማሉ፤ የማይታዩ ሰዎች ይንከተከታሉ።

"ማን ነው የሚስቀው?" አልኳት።

"ማንም። ቀድተው ያስገቡት ሳቅ ነው።"

(ለእኛ እንኳን ሳቅ ሊላክልን፣ ፋሻውንም እያጠብን ነበር የምንጠቀመው።)

ግን እኛም ስቀናል። አንድ ቀን ካድሬው ቁስለኞቹ የተኙበት ድንኳን ገብቶ መፈክር አሰማ። ያኔ መፈክር ሲሰማ ግራ እጅን ጨብጦ ማንሳት ነው። ከማደንዘዣ ገና እየነቃ የነበረ አንድ ወታደርም እንደለመደው ግራ እጁን አነሳ። ጠዋት የቆረጥንለትን እጅ።

ሐኪሙ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እንቅልፍ በዓይናችን ሳይዞር ሁለት ቀን ሆኖን ነበር።

ወታደሩም ስንስቅ አይቶ አብሮን ሳቀ። ከዚያ ዞሮ እጁን አየ።

ይሄን ስነግራት ልጄ "ከዚያስ?" አለችኝ።

ከዚያማ ቀጣዩ ቁስለኛ ገባ።

ኮልፌ ያላችሁ የድሮ ጓዶች፣ እናንተንስ ያኔ ምን አሳቃችሁ? ጻፉልኝ እስቲ። እኔ ብቻ የሳቅኩ እንዳይመስለኝ።