እኛ ቤት ዓመት የሚገባው ሲዘንብ ነው

ከሀገር የወጣነው ጳጉሜ ሦስት ማታ ነው። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። አዲስ ዓመት ደጃፍ ላይ ቆሞ ሀገሩን ጥሎ የሚሄድ ሰው ስለማይኖር አውሮፕላኑ ባዶ ይሆናል፣ ልጅቷም ሦስት ወንበር ላይ ተዘርግታ ትተኛለች ብዬ ነበር። እንደ ብዙዎቹ ብልህ ሐሳቦቼ ይሄም ከሸፈ፤ አውሮፕላኑ ጢም ብሎ ሞላ። ከዚያ በፊት ግን ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ሻንጣው ታስሮ፣ ታክሲው በር ላይ ቆሞ፣ ባለቤቴ ሰብለ ፓስፖርቶቹን ደግማ ደጋግማ እያየች ሳለ ዝናቡ ወረደ። እናቴ የአራት ዓመቷን ልጃችንን ብሌንን ከሶፋው ላይ ብድግ አድርጋ፣ ለመንገድ የገዛንላትን ሹራብና ነጭ ካልሲ እንኳ ሳታወልቅላት፣ ግቢው መሀል ይዛት ቆመች።

ሰብለ ጮኸች። እኔም «እማዬ፣ አውሮፕላን እኮ ነው የምንሳፈረው» አልኩ፤ አውሮፕላን የረጠበ ሰው የማያሳፍር ይመስል። እናቴ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። «ዛሬ ሩፋኤል ነው፣ ሰማይ ተከፍቷል» አለች፤ «አንተ ብትፈልግ አትመን፣ ልጅቷን ግን ደረቋን አልሰጥህም።»

እውነቷን ነው፣ አላምንም ነበር። በዓል የሚባል ነገር የሚያናድደኝ ሰው ነበርኩ። ስለ ዘመን አቆጣጠር ብዙ አንብቤ፣ ያነበብኩትን የዶሮ ወጥ ሊበላ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የማስረዳ ዓይነት ሰው። በሩፋኤል ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ብለው ልጆች ሲቦርቁበት ሳይ፣ የክረምቱ ማብቂያ ዝናብ ነው፣ በማግስቱም ይዘንባል እል ነበር። እሱም እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በጳጉሜ ዝናብ ማግኘት ቁም ነገር አይደለም። ቁም ነገር የሚሆነው ቶሮንቶ ውስጥ ነው።

ቶሮንቶ ስንደርስ የጉምሩኩ ሰውዬ የእጅ ሻንጣችንን ከፈተ። እርጥቡን የልጅ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለን ነበርና አወጣው፣ አሸተተው።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«ዝናብ ነው» አልኩት።

ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። ምግብ ይዘሃል ወይ፣ ዘር ይዘሃል ወይ፣ አፈር ይዘሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልያዝኩም። ስለ ዝናብ የሚል ጥያቄ ስላልነበረው አሳለፈን። ከእናቴ ቤት ያለ ቀረጥ ያስገባነው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

የገባነው ክሬሰንት ታውን ነው፤ ከዳንፎርዝ መንገድ ምሥራቅ ጫፍ አጠገብ ያሉ፣ ከመላው ዓለም የመጣ ሰው የተደራረበባቸው ረጃጅም ሕንጻዎች። ቤታችን አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ላደገ ሰው፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ዝናብ ድምፅ እንደሌለው ማወቅ እንዴት እንደሚከብድ አልነግራችሁም። ሀገር ቤት ዝናብ እንደ እንግዳ ነው፤ ከሩቅ ያጉረመርማል፣ ይሸታል፣ ከዚያ በሩን ይደበድባል። እዚህ በመስኮቱ በኩል አልፎ ወደ ታች ይሄዳል፣ ጉዳዩ ከምድር ቤት ሰዎች ጋር እንደሆነ ሁሉ።

የመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ጳጉሜ ሲገባ እናቴ በስልክ ለብሌን ሰማዩ ሊከፈት ነው ብላ ነገረቻት። ልጅቷ ከማለዳ ጀምራ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ዋለች። ሰማዩ የታጠበ ሰሐን መስሎ ነበር፤ አንዲት የዳመና ቁራጭ የለችበትም። ማታ «አባዬ፣ እዚህ ሀገር ሰማዩ ሎክድ ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ፣ በዓል የሚያናድደው ያ ሰው፣ አንድ ነገር አጥብቄ ፈለግኩ። ከዚህች ልጅ ቋንቋውንም ታሪኩንም ሁሉ አልጠብቅም፤ እኛ ሳንነግራት፣ እኛ ሳናያት፣ በገዛ እግሯ የምትወጣበት አንድ ዝናብ ብቻ ይኑራት አልኩ።

ሰብለ ሻወር እንክፈትላት አለች። ከእኛ በላይ ሁለት ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ዘውዴ ግን፣ ልጆቻቸው ስፖንሰር አድርገው ያመጧቸው ትልቅ ሴት ናቸው፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን እንጂ ጠበል አይደለም ብለው ሐሳቡን ገደሉት። እኔም እንደ ልማዴ ተከራከርኩ። ቧንቧው ውሃውን ያመጣው ከሐይቁ፣ ሐይቁ ከሰማይ አይደለም ወይ አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ እንግዲያው ገበታ ላይ ያለውን ጨው፣ ነጭ ስለሆነ ዱቄት ነው በለኛ» አሉኝ።

ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። እኛ ቤት ሩፋኤል በጳጉሜ ሦስት ይጀምራል፣ እስኪዘንብ ድረስ አያልቅም። መስከረም አንድ ቢያልፍም፣ መስቀል ቢያልፍም፣ ሦስታችንም አብረን እስክንረጥብ ድረስ አዲሱ ዓመት እኛ ቤት አይገባም። እስከዚያ «እንኳን አደረሰህ» ላለኝ ሰው «ገና ነኝ፣ ስደርስ እነግርሃለሁ» እለዋለሁ። በዚህ የሳቀብኝ የሀገሬ ሰው ብዙ ነው። አዳራሽ በሚገኝበት ቅዳሜ፣ በዲጄና በትኬት አዲስ ዓመትን የሚያከብረው ያው የሀገሬ ሰው ማለቴ ነው። እሱ በዓሉን ለአዳራሹ ሲያዛውር አስተዋይ ነው፤ እኔ ለዝናቡ ሳዛውር እብድ ነኝ። በዚያ ላይ መስከረም አንድ የሚውልበት ሴፕቴምበር አሥራ አንድ በዚህ አህጉር የሐዘን ቀን ስለሆነ፣ ለሥራ ባልደረባ ዛሬ በዓላችን ነው ማለት ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። «በዓላችን ሲዘንብ ነው» ማለት ይሻላል። እንደ እብድ ያዩሃል እንጂ እንደ ክፉ አያዩህም።

በዚያ ዓመት የዘነበው መስከረም ገብቶ ከሳምንት በላይ ከሄደ በኋላ፣ እሑድ ቀን ነው። በሊፍት ወረድን። ከሕንጻው ፊት ያለው ሣር ላይ ጫማችንን አውልቀን ቆምን። ብሌን ትጮሃለች፣ ሰብለ ፀጉሯን በላስቲክ ልሸፍን አልሸፍን እያለች ከራሷ ጋር ትጣላለች፣ እኔ ደግሞ ሰው ያየኛል ብዬ እጄን ኪሴ ከትቻለሁ። የሕንጻው ኃላፊ፣ እዚህ ሱፐር የሚሉት፣ ማኑኤል የሚባል ከፖርቱጋል የመጣ ሰው ነበር። ፕላስቲክ ካፖርቱን እየጎተተ ደረሰ።

«ቁልፍ ጠፋባችሁ?»

«አልጠፋብንም።»

«ፋየር አላርሙ ጮኸ?»

«አልጮኸም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«አዲስ ዓመት እየገባን ነው» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። ሰዓቱ ቀን እንጂ ወር አይናገርም መሰለኝ፣ ሰማዩንም አየ። ሣሩ ላይ መቆም በኪራይ ውሉ ክልክል እንደሆነ፣ አዲስ ዓመት ግን በውሉ ውስጥ እንዳልተጠቀሰ ነግሮን ሄደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌሎች ተከራዮች ተሰብስበው በመስኮት ሲያዩን፣ «የእነሱ ኒው ይር ነው፣ ተዉአቸው» እያለ የሚያስረዳው እሱ ነበር። ዝናብ ሳይመጣ የዘገየ እንደሆነ ሊፍት ውስጥ ሲያገኘኝ «ዘንድሮ አረጃችሁ» ይለኝ ነበር።

ረጥበን ስንመለስ በቆሎ እንጠብሳለን። በዚህ ብቻ ሁለቱ ሀገሮች ይስማማሉ፤ መስከረም እዚህም የእሸት ወር ነው። ግን የሀገር ቤት በቆሎ ጥርስ ይፈትናል፣ መንጋጋ እስኪዝል ይታገልሃል። የእነሱ ገና ሳትነክሰው እጅ ይሰጣል፣ በዚያ ላይ ስኳር የላሰ ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ ስንጠብሰው ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ መቆጣጠሪያ ይጮሃል፣ ሰብለ በፎጣ ታራግብለታለች። ብሌን ይሄን ጩኸት የበዓሉ ክፍል ነው ብላ አደገች። እኔም አላረምኳትም።

እያደገች ስትሄድ ዳኛዋ እሷ ሆነች። ዝናብ መጣ ብዬ ስነሳ መስኮቱ ጋ ሄዳ ታች መንገዱን ታያለች፤ መኪኖቹ መጥረጊያቸውን ካላንቀሳቀሱ «አባዬ፣ ኢት ዳዝንት ካውንት፣ ካፊያ ነው» ትለኛለች። ካፊያ የምትለውን ቃል የት እንዳገኘችው አላውቅም፤ ከእናቴ ሳይሆን አይቀርም። እናቴ በየዓመቱ ደውላ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «ልጅቷ ረጠበች?» ስለ እኔ አትጠይቅም።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት እንደምታፍርብን ጠብቄ ነበር። አላፈረችም፤ ግን ስልኳን በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ይዛ መውረድ ጀመረች። በመጨረሻው ዓመት ከእኛ ጋር ሣሩ ላይ ቆማ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ ለጓደኛዋ እየጻፈች «ሰከንድ፣ ፓረንቶቼ ጋ ኒው ይር ነኝ» ስትል አነበብኳት። ፓረንቶቼ ጋ። በዓሉ የእሷ እንዳልሆነ ሁሉ፤ ቃሉ እንደ ስንጥር ተሰነቀረብኝ። ሰብለ ይሄን ሁሉ ትመረምራለህ፣ ረጥባለች አይደል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ አለችኝ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ሃሊፋክስ፣ ሩቅ በምሥራቅ፣ ውቅያኖሱ ዳር። የዚህ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ልጆችን የሚሰበስበው ልክ ጳጉሜ ሊገባ ሲል ነው። ከዓመቱ ወሮች ሁሉ መርጦ ያችኑ። ሻንጣዋን ያሰርንላት እኛ ነን፤ ሰብለ ሹራብ ትጨምራለች፣ ብሌን ታወጣለች። ስለ ዝናቡ እንድነግራት ሰብለ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። አልነገርኳትም። ነግሬያት የምትወጣበት ዝናብ፣ ከሣሩ ላይ ዝናብ በምን ይለያል?

በዚያ ዓመት ቶሮንቶ ደረቀች። ጳጉሜ ሦስት ጥርት ብሎ ዋለ። መስከረም ገባ፣ እንደ ምጣድ የጋለ መስከረም፤ ሰው ሁሉ በጋው ተራዘመልን እያለ በቁምጣ ደስ ብሎት ይሄዳል። የአዳራሹ ቅዳሜ አለፈ። እትዬ ዘውዴ ጉልበታቸውን እያሹ፣ ገና አሮጌው ላይ ናችሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ ነን አልኳቸው። እናቴ ደወለች። ልጅቷ ሩቅ ናት፣ መርጠቧን አላውቅም አልኳት። «እንግዲህ ልመደው» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ዓይነት አጭር ቃል ነው የምትመታኝ።

የብሌን ስልክ እሑድ እሑድ ነው። የመስቀል ሰሞን እሑድ ስትደውል ሰብለ ስልኩን ለሁለታችን ከፈተችው። ስለ ምግቡ ነገረችን፤ ሩዙ እንደ ሲሚንቶ ነው፣ በርበሬ ላኩልኝ። ስለ ክፍል ጓደኛዋ ነገረችን። ከዚያ፣ ለሳምንታት በልቤ የያዝኩትን፣ በዓለም ላይ ከእሱ የበለጠ ተራ የሌለውን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«አየሩስ እንዴት ነው?»

«ኡፍ አባዬ፣ ዝናብ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ኖንስቶፕ። ግን አታስቡ፣ ምርጥ ጃንጥላ ገዝቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልረጠብኩም።»

ሰብለ ፈጥና «ጎበዝ፣ ብርድ እንዳይመታሽ» አለቻት። እናት ናትና ሌላ ምን ትበል። እኔም «ጎበዝ» አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ውሸት ተናግሬያለሁ፣ እንደዚያች ቃል የከበደኝ የለም።

በዚህ መሀል ሰብለ ክንዴን ነካችኝ። በመስኮቱ በኩል፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ዝናቡ እየወረደ ነበር። ታች መንገዱ ጠቁሯል፣ መኪኖቹ ሁሉ መጥረጊያቸውን እያመላለሱ ነው። አንድ ሰው ጋዜጣ ራሱ ላይ አድርጎ ወደ ምድር ባቡሩ ጣቢያ ይሮጣል።

«እናንተ ጋስ?» አለች ብሌን። «ዘነበ?»

ድምፅዋ ውስጥ አንድ ነገር ፈለግኩ። ካለም በስልኩ በኩል አልደረሰኝም። ሰብለ ታየኛለች፤ ጫማዋን ለማጥለቅ ግማሽ ጎንበስ እንዳለች ቀርታለች።

«ገና ነው» አልኳት።

«ዋው፣ እስካሁን? አሮጌው ዓመት ላይ ናችሁ ማለት ነው» ብላ ሳቀች። ከኋላዋ ሰው ጠራት፣ በእንግሊዝኛ መጣሁ አለችው። ከዚያ ወደ እኛ ተመልሳ «በቃ ሲዘንብ ደውሉልኝ፣ ኦኬ?» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።