ንፋስ የማይገባበት ክፍል

በመሥሪያ ቤቱ «ላይኛው» ይሉታል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ገና በወጣትነቱ፣ የስልክ ማማ ላይ እየወጣ አንቴና ሊጠግን በተቀጠረ ሰሞን ነው። ሌሎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ለመውረድ ሲጣደፉ እሱ ጫፉ ላይ ቀበቶውን አጥብቆ፣ ፊቱን ወደ ንፋሱ አዙሮ ይቆያል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ከታች ያዩት ባልደረቦቹ ስልክ የሚያወራ መስሏቸው ነበር። አንድ ቀን ግን እሱ እላይ ሆኖ እያወራ ስልኩ መኪና ውስጥ ሲጮህ ሰሙትና ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። ከላይኞቹ ጋር ቀጥታ መስመር አለው ተባለ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

የሚያወራው ከንፋሱ ጋር ነበር። ይህን የወረሰው ከእናቱ ነው። እናቱ የሰው ልብስ አጥባ ያሳደገችው ሴት ናት። ወንዝ ወርዳ እጇን ውሃው ውስጥ ከመንከሯ በፊት፣ ጎረቤት እንዳገኘ ሰው «እንዴት አደርሽ?» ትላለች። ዛፍ ጥላ ሥር ለማረፍ ዛፉን ታስፈቅዳለች። ፀሐይ ስትወጣ የያዘችውን አስቀምጣ እጅ ትነሳለች። የምትሳለመው ደጅ፣ የምትደግመው መጽሐፍ አልነበራትም። በልጅነቱ አንዴ፣ ይሰሙሻል እንዴ ብሎ ቢጠይቃት፣ አንሶላ እየጨመቀች መለሰችለት።

«አንተስ ስጠራህ መቼ ትሰማለህ? መጥራቴን ግን አልተውኩም።»

ከተማ ገብቶ ሥራ ከያዘ በኋላ ውሃው በቱቦ፣ ዛፉ በአጥር ሆነበት። የቀረለት ማማው ነበር። እላይ ሲደርስ የመኪናው ጩኸት ከእግሩ በታች ይቀርና ንፋሱ የሥራ ልብሱን እየጎተተ ይቀበለዋል። ዝናብ ያዘለውን ከደረቁ በጠረኑ ይለየዋል። ሰላም ይለዋል፣ ሥራ እንዲጀምር ፈቃድ ይጠይቀዋል፣ ከዚያ መፍቻውን ያወጣል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ይህን ሁሉ ታውቃለች። የእሷ እምነት ሌላ ነው፤ ሲጋቡ አንዳቸው በሌላው ላይገቡ ተስማምተዋል። ብቻ ማታ ሲገባ፣ ንፋስ ደህና ዋለ ወይ እያለች ትቀልድበታለች።

ከዚያ ካሜራ የተገጠመላቸው ድሮኖች መጡ። አለቃው ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ ማማ የሚፈተሸው በእነሱ እንደሆነ፣ ማንም ነፍሱን አስይዞ እንደማይወጣ ነገራቸው። ሁሉም አጨበጨቡ። አንድ ባልደረባቸው ወድቆ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበርና ማን ይከፋዋል? ላይኛውም አጨበጨበ። ሳይውል ሳያድር መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ወንበርና ስክሪን ተሰጠው።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ቀን ከሌት የሚነፋ ማቀዝቀዣ አለ፤ አየሩ ይበርዳል እንጂ ጠረን የለውም። የመጀመሪያው ዕለት ጠዋት እንደ ልማዱ ሰላም ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ስክሪኑ ላይ ድሮን ያነሳቸው ማማዎች ይታያሉ፤ አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ከሥራቸው ዛፎች ይወዛወዛሉ፣ ድምፅ ግን የላቸውም። ባልደረቦቹ የዛገ ብሎን ሲፈልጉ የእሱ ዐይን ከዛፎቹ ላይ አልነሳ ይላል።

ቤት ውስጥም ያው ሆነበት። በረንዳ ላይ ቢቆም ፊት ለፊት የተገተረው ፎቅ ንፋሱን ጋርዶታል። ሴት ልጁ እንደከፋው ገብቷት፣ ስልኩ ላይ የንፋስ ድምፅ የሚያሰማ መተግበሪያ ጫነችለት። ቅር እንዳይላት ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ጥሩ ንፋስ ነው፤ ከየት እንደሚነፍስ ግን አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ድምፁ ያንኑ ከመጀመሪያው ጀመረ። ልጁን አመስግኖ ተነሳና ፊቱን ሊታጠብ ገባ። ቧንቧውን ከፍቶ፣ እጁን ውሃው ላይ እንደዘረጋ፣ ሳይታጠብ ብዙ ቆየ።

ከወራት በኋላ አውሎ ንፋስ ከከተማው ዳር ያለ አንድ አንቴና አጣመመ። ድሮኑ ጉዳቱን አሳያቸው፤ እጅ ስለሌለው ግን ሊያቃናው አልቻለም። አለቃው እያፈረ መጥቶ፣ ትወጣልኝ ይሆን ብሎ ጠየቀው። ላይኛው ቃሉን ሳያስጨርሰው ተነሳ።

እግሩ ወንበር ለምዶ ኖሮ መሃል ላይ ሁለቴ አረፈ። ጫፍ ደርሶ አንቴናውን አቅንቶ፣ ብሎኑን አጥብቆ ሲጨርስ ፊቱን አዞረ። ያን ሁሉ ወራት የሚነግረው ነገር ሲያጠራቅም ነበር፤ አሁን አንዱም አልመጣ አለው።

«እንዴት ሰነበትክ?» አለ ብቻ። ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ እሱም ንፋሱ እያደረቀለት ቆመ።

ከታች በሬዲዮ ጠሩት። «ጨረስክ?»

«ትንሽ ቀረኝ» አለ።

በማግስቱ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ይቀልልኛል ያለው ናፍቆት ጭራሽ ባሰበት። ሌላ አንቴና እስኪጣመም መጠበቅ ደግሞ የማይመኙትን መመኘት ሆነበት። ሚስቱ ጥቂት ቀናት አየችውና በዕረፍቱ ቀን ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ተነስ፤ ወጣ እንበል።»

በአውቶቡስ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄዱ። የከተማው ቤቶች ካለቁበት አልፈው፣ ገና ያልታጠረ ሜዳ ላይ ወጡ። ንፋሱ ዝቅ ያለና አቧራ የቀላቀለ ነው፤ የማማው ዓይነት አልነበረም። እሱም ይህን አውቆ፣ ቢሆንም ፊቱን አዞረለት።

«እኔስ ምን ልበል?» አለችው።

«ምንም። አጠገቤ ቁሚ።»

ሻርፗን በእጇ ይዛ ቆመች። እሱ የሚለውን አለ፤ እሷም አላቋረጠችውም። ሲመለሱ በአውቶቡሱ መስኮት ሩቅ ያለውን ማማ እስኪሰወር ድረስ በዐይኑ ሲከተለው አየች።

«ናፈቀህ አይደል?»

«በጣም» አለ።

የሚቀጥለውም ዕረፍት ሲደርስ ከእሱ ቀድማ በር ላይ ቆማ ነበር።