የአያ ደርሶ ከሰል

ልጅ ሳለሁ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍን ነበር። ዓይን አፋር ሆኜ አይደለም፤ እናቴ «የዚችን ልጅ አፍ ማን በዘጋልኝ» እያለች የምታማርርብኝ ለፍላፊ ነበርኩ። የምሸፍነው ጥርሴን ነው። በሁለቱ የፊት ጥርሶቼ ላይ፣ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ትንሽ ተንጋዶ፣ ቡናማ ክር ያሰሩበት የሚመስል መስመር አለ። በተወለድኩበት የመተማ ቆላ የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ የልጅ ጥርስ ያበልዛል። የሰፈራችን ልጆች ሁሉ ጥርሳቸው የበለዘ ስለነበር እኔም ጥርስ ሲፈጠር እንዲያ ነው ብዬ ነበር የማምነው። እናቴ ከደጋ የመጣች በመሆኗ ድዷ ተወቅሮ የጠቆረ፣ ጥርሷ ከድዷ መሃል የሚያበራ ሴት ናት። እኔም ሳድግ እንደ እሷ የሚሆንልኝ ይመስለኝ ነበር።

ሌላ ዓይነት ጥርስ መኖሩን ያወቅሁት ተሰደን ሱዳን፣ ቱነይድባ መጠለያ ከገባን በኋላ ነው። ከየአገሩ የመጣ ልጅ እዚያ ተሰብስቦ ነበርና ሁለት ቀን ሳይሞላኝ «ዝገቴ» የሚል ስም ወጣልኝ። ተርቦ መኩራት ከባድ ነገር ነው፤ እኔ ግን ያኔም እችልበት ነበር። ስሙን እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እጄ ከአፌ ላይ አልወርድ አለ።

ወደዚያ የደረስነው ረሃቡ ከጠናብን በኋላ ነው። ከድንበሩ ራቅ ካለው መንደራችን ብዙ ቀን በእግር ተጉዘን ድንበሩን ተሻግረን፣ ባሱንዳ አካባቢ ሎሪ የሚጭንበት ቦታ ላይ ደረስን። እናቴ ታናሽ ወንድሜን በአንቀልባ አዝላ ነበር፤ ትኩሳቱ ከያዘው አራተኛ ቀኑ ነው። ሎሪው ሞልቶ ሳለ አንድ ሰው እኔን አንስቶ ከላይ ሰቀለኝ፣ ለእሷ ግን ቦታ አልነበረም። «በሚቀጥለው እመጣለሁ፤ ከአያ ደርሶ እጅ እንዳትለቂ» አለችኝ። አያ ደርሶ ከአጎራባች መንደር አብረውን የተነሱ፣ ሚስታቸውን መንገድ ላይ የቀበሩ ሽማግሌ ናቸው። የሚቀጥለው ሎሪ ፋው ወደሚባል ሌላ መጠለያ መሄዱን የሰማነው ቆይተን ነው። ያኔ የምናውቀው እኛ ዘንድ አለመምጣቱን ብቻ ነበር።

አያ ደርሶ እጄን አልለቀቁም። ቀን ቀን ሰልፍ ይዘው የሁለታችንንም ራሽን ይቀበሉ ነበር፤ ማታ ፀሐይ ከጥቁሩ የመረሬ መሬት ጀርባ ስትገባ ደግሞ ከድንኳናቸው ፊት ሦስት ድንጋይ ጎልተው እሳት ያነዳሉ። እንጨቱ የሚገኘው በስንት መከራ ስለነበር ነበልባል ብዙም አናይም፤ የግራር ጭስ፣ ቀይ ፍም፣ ከወተት ጣሳ የተሠራች አንዲት ኩራዝ፣ በዙሪያዋ ደግሞ ከየድንኳኑ የመጣ ልጅ፣ የእስላሙም የክርስቲያኑም። ተረታቸው ሁልጊዜ ስለ አያ ጅቦ ነው። አያ ጅቦ ሁልጊዜ ይርበዋል፣ ሁልጊዜ ይስገበገባል፣ በመጨረሻም ሁልጊዜ ይታለላል። ሆዳችን ያልሞላ ልጆች በዚያ በተራበ ጅብ እንዴት እንደዚያ ልንስቅ እንደቻልን ዛሬም ይገርመኛል።

አንድ ቀን ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ፎቶው በየመጠለያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ እናት ወይም አባት ልጁን ካወቀ ይገናኛሉ። ወሬውን ስሰማ በደስታ ፈንታ ፍርሃት ያዘኝ። ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር በሆዴ ነበር። እናቴ ወንድሜን ይዛ እኔን ያስቀደመችኝ ስላስጠላኋት ይሆን? እሱ ገና ጥርሱ ያልበለዘ፣ ድዱ የሚያምር ሕፃን ነበር። አሁን ሳስበው እንባዬ ይመጣል፤ ያኔ ግን ሐሳቡ እውነት ሆኖ ነው የታየኝ። ስለዚህ ፎቶ አንሺዎቹ እስኪመጡ ጥርሴ መንጣት አለበት ብዬ ወሰንኩ።

ለካ ጥርስ ስለማንጣት የማያውቅ ሰው የለም። አንዷ ጎረቤታችን ድዴን በመርፌ ወቅራ ጥላሸት ብትቀባው ጥርሴ በንጽጽር ነጭ እንደሚመስል ነገረችኝ። መርፌውን ሳይ ሸሸሁ። አንዱ ልጅ የጡብ ዱቄት ነው የሚሻለው አለ። ሱቅ ውስጥ በቱቦ የሚሸጥ ነጭ ነገር እንዳለም ሰምቻለሁ፣ እሱ ግን እንደኔ ላለው የሚታሰብ አልነበረም። ጓደኛዬ ሐሊማ የሻይ ሻጯን ሴት ጠይቃ ያመጣችልኝ የሎሚና የጨው ዘዴ ቀላልም ርካሽም ሆኖ ታየኝ። የራሽን ብስኩቴን ሰጥቼ አንዲት የደረቀች ሎሚ አገኘሁ። ጨው ከአያ ደርሶ ሰረቅሁ።

ሦስት ቀን ጧትና ማታ ፈተግሁ። በመጀመሪያው ቀን የነጣ መሰለኝ፣ በሁለተኛው ድዴ ደማ፣ በሦስተኛው ጥርሴ ጠርሶ ቀዝቃዛ ውሃ እንኳ ሲነካው እስከ ጆሮዬ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ማታ አያ ደርሶ የማሽላውን ንፍሮ በሳህን ሲሰጡኝ አንዲት ፍሬ ነክሼ አስቀመጥኩት። በዚያ ዘመን ልጅ ምግብ ተወ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ምግብ ትተው ሳያነሱት የቀሩ ልጆችን ሁላችንም አይተናል። አያ ደርሶ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ግንባሬን ዳሰሱ፣ ትኩሳት የለም።

«ምን ሁነሽ ነው ልጀ?» አሉ።

ነገርኳቸው፤ የጨውን ስርቆት ጭምር። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ኩራዟን አስጠግተው አፌን አስከፍተው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ጥርስ መጀመሪያ መብያ ነው» አሉኝ በመጨረሻ። «ማማሩ ከዚያ በኋላ ነው።»

ከዚያ ንፍሮውን በድንጋይ ላይ አልመው፣ በውሃ በጥብጠው እንደ ሕፃን አበሉኝ። ለአራት ቀን ያህል እንዲያ እያደረጉ አበሉኝ፣ ሎሚ የሚባል ነገር በአፌ እንዳይዞር አስማሉኝ። መጠዝጠዙ ሲተወኝ ግን የምፈልገውን ነገር አልነፈጉኝም። ተረት ከሚነግሩበት እሳት ሥር አንድ የግራር ከሰል መርጠው አወጡ። በድንጋይ ፈጩት፣ በነጠላቸው ጫፍ ነፉት፣ ጣታቸው ላይ እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ ደግመው ፈጩት። ሻካራ ከሆነ ጥርስ እንደሚልጥ፣ የላመ ከሆነ ግን እድፉን ብቻ ይዞ እንደሚወጣ እየነገሩኝ ነበር የሚሠሩት። መፋቂያ ቆርጠው ጫፉን እንደ ብሩሽ አኘኩልኝ። እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው አንድ ጥርስ አልጎደላቸውም፣ ሁሉም ነጭ ነው፤ ስለዚህ አመንኳቸው።

«ተረቱ ሲጀመር ጀምሪ፣ ጅቡ ሲታለል አቁሚ» አሉኝ። «ቀስ ብለሽ። እኔም አልቸኩልም።»

እንዲህ ሆነ የእኛ ሰዓት። በሳምንት ሁለት ማታ፣ አያ ጅቦ ከጉድጓዱ ሲወጣ መፋቂያዬን ከሰሉ ውስጥ ነክሬ እጀምራለሁ፤ ሲታለል አንዲት ጉንጭ ውሃ ይሰጡኝና ተጉመጥምጬ እተፋለሁ። ሌሎቹም ልጆች ካልሰጡን ብለው አስቸገሩ። ቆይቶ ደርዘን የምንሆን ልጆች አፋችንን አጥቁረን፣ መፋቂያ በጉንጫችን ይዘን፣ በፍሙ ዙሪያ የምንቀመጥ ሆንን። አያ ደርሶ በዚህ በጣም ተደስተው ነበር። አፉ የሞላ ልጅ ተረት አያቋርጥም፣ «ከዚያስ?» እያለም አይነዘንዝም።

ፎቶ አንሺዎቹ ከሚመጡበት ቀን በፊት ባለው ማታ ከሐሊማ እናት የመስታወት ስባሪ ተውሼ ጥርሴን አየሁ። እውነትም ነጥቷል። ሁለቱ መስመሮች ግን እንዳሉ ናቸው፤ እንዲያውም ዙሪያቸው ስለጠራ ከበፊቱ ይልቅ ጎልተው ወጥተዋል። ስባሪውን አስቀምጬ አለቀስኩ። አያ ደርሶን አታለሉኝ አልኳቸው። መስመሩ ቆሻሻ አለመሆኑን፣ ውሃው ከጥርሱ ጋር አብሮ ያበቀለው መሆኑን ከመጀመሪያው ያውቁ ኖሯል። ይህንኑ ነገሩኝ፣ እኔ ግን የምሰማ አልነበርኩም።

የዚያን ማታ አዲስ ተረት አመጡ። አያ ጅቦ የበጎች ሠርግ እንዳለ ሰምቶ፣ በዚህ በደም በበለዘ ጥርሴ ማን ያስገባኛል ብሎ ወንዝ ወርዶ በአሸዋ ሲፍቅ ሰነበተ። ጥርሱ ወተት መሰለ። ከሠርጉ ቤት ደጅ ቆሞ ፈገግ ቢል፣ በፊት በጨለማ የማይታየው ጥርሱ ሁሉ አንድ ሳይቀር አበራና በጎቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። እንደተራበ ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ ደግሞ ልጆቹ «የኛ አባት ጥርሱ ቀይ ነው፤ አንተ ማን ነህ?» ብለው አናስገባም አሉት። ልጆች ሁሉ በጠቆረ አፋቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጅብ ያሉት እኔን ነው ብዬ ተነስቼ ድንኳን ገባሁ።

በማግስቱ ሰልፍ ተያዘ። ቅማል በዝቶ ስለነበር የሁላችንም ራስ ተላጭቷል፤ ሁላችንም የተሰጠንን አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰናል፤ ሴቱና ወንዱ እንኳ አይለይም። ተራዬ ሲደርስ አንድ ወጣት ሱዳናዊ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ። ከንፈሬን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ሳቂ ብሎ በአረብኛ ለመነኝ፣ በእጁ አሳየኝ። እምቢ አልኩ። ያኔ ከሰልፉ ዳር ቆመው የነበሩት አያ ደርሶ ጠጋ ብለው አጎነበሱ።

«ልጀ፣ ፀጉርሽ የለ፣ ቀሚስሽ የለ፤ ፊትሽም ሌላ ሁኗል። እናትሽ በምን ትለይሽ?»

ስለ ጅቡ ልጆች የነገሩኝ ያኔ ገባኝ። አያ ደርሶ በእኔ እየቀለዱ አልነበረም። ለካ ሽማግሌው ስንት ቀን ሙሉ የፈሩት አፌን ሸፍኜ እናቴ ሳትለየኝ እንዳትቀር ኖሯል። እጄ ወደ አፌ ሲሄድ ይዤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከንፈሬን ገለጥኩ። ፎቶው ላይ ስቄ ሳይሆን አንድ ነገር ልነክስ የተዘጋጀሁ ነው የምመስለው፣ ጥርሴ ግን ከነመስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ስንት ሳምንት እንደቆየን አላውቅም። አንድ ከሰዓት ሎሪ ቆመና እናቴ ወረደች። አንቀልባው ታጥፎ ክንዷ ላይ ነበር፣ ባዶ። አላለቀሰችም። አገጬን ይዛ፣ ከንፈሬን በአውራ ጣቷ ገልጣ ጥርሴን አየች፤ ከዚያ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለችና አቀፈችኝ። ማታ በዚያው ፍም ዳር ለአያ ደርሶ ስትነግራቸው ሰማሁ።

«ሰሌዳው ላይ ስንት የተላጨ ራስ አየሁ፣ አያ ደርሶ። ሁሉም የኔን ይመስለኛል፣ ቀረብ ስል አይሆንም። የሷን ጥርስ ሳይ ግን አንዴም አልተጠራጠርኩም። ያን ውሃ ቀድቼ ያጠጣኋት እኔ ነኝ።»

አያ ደርሶ ዝናቡ ሲመለስ ወደ አገራቸው ገቡ። ስንለያይ ልጅ ነበርኩና ማመስገን እንኳ አልታወቀኝም፤ እነሆ አሁን አመሰግናቸዋለሁ። በጥብጠው ላበሉኝ ንፍሮ፣ ደግመው ላላሙት ከሰል፣ ከሁሉም ይልቅ ያን ያህል እያለቀስኩባቸው ለእኔ ብለው ለፈጠሩልኝ አንድ ተረት። ያ ተረት ከእሳቸው በፊት እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ፤ ከሌላ ሰው ሰምቼው አላውቅም።

ዛሬ የምኖረው ገዳሪፍ ከተማ ነው። አንድ ሐኪም መስመሩን የሚሸፍን ነገር እንዳለ ነግሮኝ ያውቃል፤ ምን ያህል እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩትም። ባለፈው ሰሞን ልጄ ጥርሷን የምታነጣበት ነገር ከሱቅ ግዢልኝ ብላ ስትወተውተኝ፣ ከሰል ፈጭቼ በነጠላዬ ጫፍ ነፋሁላትና አያ ጅቦን ከጉድጓዱ አስወጣሁት። እሷ አፏን አጥቁራ ትፍቃለች፣ እኔ እነግራታለሁ። ጅቡ ሲታለል ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ጮክ ብዬ፣ ጥርሴ ሁሉ እስኪታይ፣ እጄም ከጭኔ ላይ ሳይነሳ።