ከእትዬ አልማዝ እጅ

ባለፈው ሳምንት ቦንጋ ገበያ አጠገብ አንድ የባጃጅ ሹፌር መንገድ የዘጋበትን ባልደረባውን «አንተ ማንጆ» ብሎ ሰደበው። ማንጆ የሕዝብ ስም ነው፤ በጫካው ዳር የሚኖሩ፣ እንጨትና ከሰል የሚሸጡልን ወገኖቻችን። ከሰላቸውን እንገዛለን፣ ማዕዳቸውን ግን እንጸየፍ ነበር። «ልጄ፣ የሰው ስም ስድብ አይሆንም» አልኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ድሮም የድምፄ ልማድ ነው።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከደካ ወዲያ ባለች መንደር ማንበብና መጻፍ እንዳስተምር መረጠችኝ። የመንደሩንም የማንጆንም ልጆች፣ በአንድ ቤት ውስጥ። ከእኔ በፊት የተላኩት ወንዶች አልሆነላቸውም። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስቆም ቃል የሚጠፋብኝ ነበርኩ።

«ጋሽ ገብሬ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» አልኳቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ።

«ሙሴም እንዲሁ ብሎ ነበር፤ ማን ሰማው?» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም «ካልፈራሽማ እግዚአብሔር ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ።

ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እናቴም አትሂጂ ብላኝ ነበር። ሄድኩ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ከደካ ወዲያ ጭቃው ጫማዬን እየነጠቀኝ በእንሰትና በቡና መሀል በእግሬ ተጓዝኩ። መንገዱን ሙሉ «ጌታ ሆይ፣ ሰው ተሳስተሃል» እያልኩ ጸለይኩ፣ ይህም ጸሎት ከተባለ።

በመጀመሪያው ቀን የመንደሩ ልጆች አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። የማንጆ ልጆች ግን ደጅ ቆሙ። ግቡ ብላቸው የአንዳንዶቹ እናት እትዬ አልማዝ «እዚሁ ሆነው ይሰሙሻል፣ የኔ እመቤት» አሉኝ።

የመንደሩ ታላቅ አቶ ኃይሌ «እነሱ ከገቡ የእኛ ይወጣሉ» አሉ። የተናገሩት በትሕትና ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። አንድ ቃል አልመጣልኝም። በልቤ «አፍ ካልሰጠኸኝ በሌላ እርዳኝ» አልኩና ወደ ደጅ ወጣሁ። እትዬ አልማዝ ለልጆቻቸው ምሳ ጎደሬ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል።

«እትዬ አልማዝ፣ ርቦኛል።»

ማንጆ ለእኛ ከእጅ ወደ እጅ መስጠቱ ነውር ነበርና ቅጠሉን መሬት ላይ ሊያኖሩት ጎንበስ አሉ። «በእጅዎ ይስጡኝ» አልኳቸው። ቅጠሉን በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። ጨው የለውም፤ ጣፈጠኝ ብዬ አልዋሽም። ግን ሁሉም እያዩ በላሁት።

አቶ ኃይሌ ልጃቸውን አስነስተው ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሉ። ቤቱ ባዶ ሲቀር አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ጠርጌ የማንጆን ልጆች አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩና «ሀ» ብዬ ጀመርኩ። መንደሩ አኮረፈኝ፤ ያከራየችኝ ሴት እንኳ ብርጭቆዬን ለየችብኝ። ማታ ማታ ልመለስ እያልኩ አስባለሁ፤ ጠዋት ሰሌዳው ፊት እገኛለሁ።

በጋው ሲገባ አቶ ኃይሌ መጡ። «ልጄ የእነዚህን ጽሕፈት አይታ እኔም ካልተማርኩ ብላ አስቸገረችን» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

«ቦታ አለ» አልኳቸው። በዚያች መንደር ያደረግሁት ትልቁ ንግግር ይኸው ነበር። በማግስቱ ልጅቷ መጣች፤ ከማንጆዎቹ አጠገብ ተቀመጠች።

ዛሬ ወጣቶቹ ደፋር ነሽ ይሉኛል። አይደለሁም። እግዚአብሔርን አፌን ፍታልኝ ብዬ ለምኜው አልፈታልኝም፤ እስከ ዛሬም አልፈታውም። አብሮኝ ግን ቆሟል፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አምና እትዬ አልማዝ አርፈው ለቅሶ ስደርስ፣ አቶ ኃይሌ አርጅተው፣ እዚያው እትዬ አልማዝ ቤት ቁጭ ብለው ቆጮ ሲበሉ አገኘኋቸው። ነገሬ ብሎ ያያቸው ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ፤ ለቅሶ ቤት ነውና ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም።