ደህና ነኝ የሚል በሽተኛ

ልጄ የነርስነት ትምህርት የጀመረችው የሁለት ልጆች እናት ሆና፣ ሠላሳ አምስት ዓመቷን አልፋ ነው። በልጅነቷ ሱዳን፣ ገዳሪፍ እንደመጣን ትምህርቷን አስጥዬ ሰሊጥ አጨዳ ይዣት የወጣሁት እኔ ነኝ። አሁን ደብተሯን ታቅፋ ስትገባ ባየኋት ቁጥር ደስ እያለኝ አፍራለሁ፣ እያፈርኩም ደስ ይለኛል።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል ያስያዘችኝም እሷው ናት። የኔ ትምህርት መንገድ ነው፤ ከዚህ እስከ ድንበሩ ገላባት እግሬ ያልደረሰበት የለም። ዛሬም ገበያ ሳልዞር፣ ሰው ሳልጠይቅ ከዋልኩ ቅር ይለኛል።

በአረም ወቅት ፈተና ወደቀች። የጽሑፉን አልፋለች፤ የወደቀችው በሽተኛ ጠይቂ በተባለችው ነው። የደረሷት ከመተማ በኩል ለአረም የመጡ ሽማግሌ ነበሩ።

«ምንዎን ያምዎታል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ሆድዎንስ?»

«ተመስገን ልጄ።»

እሷም ደህና ናቸው ብላ ጻፈች። ሰውየው ለካ ሦስት ቀን ሙሉ እህል በአፋቸው አልዞረም። አስተማሪዋ፣ ነጭ ቶብ የምትለብስ ሱዳናዊት፣ «ወረቀትሽ ጤነኛ ነው፤ በሽተኛሽ ግን ታሟል» አለቻት። ከአጨዳ በኋላ አንድ ዕድል ቀራት። ያንን ካላለፈች ትምህርቱ በዚያው አበቃ።

ስታለቅስ አላስችል አለኝና «ነይ፣ በኔ ተለማመጂ» ብዬ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ።

«እማ፣ ምንሽን ያምሻል?»

«ተመስገን።»

«እማ! በሽተኛ ነሽ እኮ!»

«ታዲያ በሽተኛ ፈጣሪውን አያመሰግንም?»

እርሳሷን ወረወረችው። እንደ ሱዳኖቹ አያቷን ሐቦባ የምትል የልጅ ልጄ ከበሩ ላይ ሆና «ሐቦባ መታመም እንኳ አትችልበትም!» ስትል ሦስታችንም ሳቅን።

ኋላ እንዲህ አልኳት፦ «የኛ ሰው ገና ሲጠየቅ ሕመሙን አያወጣም፣ ምስጋናው ይቀድማል። አትቁረጪበት። ቁጭ በይ። ከየት እንደመጣ፣ ማንን ትቶ እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደሚበላ አጫውቺው። ሕመሙ ከወሬው ኋላ ይመጣል።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እታመምላት ጀመር። አንድ ቀን ራሴን፣ አንድ ቀን ወገቤን። መልካም ሕመም ነበር። ካደገች ወዲህ ያን ያህል አጠገቤ ተቀምጣ አታውቅም።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው በርጩማዋን አስጠግታ ተቀመጠች።

«እማ፣ ዛሬ የት ደረስሽ?»

«እዚሁ ወፍጮ ቤት።»

«ትናንትስ?»

«ወፍጮ ቤት።»

«ገበያው ምን በደለሽ? ከቅመም ሻጯ ወዳጅሽ ተጣላችሁ?»

«ኧረ ምን ያጣላናል!»

ወደ እግሬ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዬን አወለቀችው። ማሳ ሳቋርጥ የሰሊጥ ጉቶ ተረከዜን ወግቶኝ በጨርቅ ጠቅልዬ ደብቄው ነበር፤ ካወቀች መንገዴን ትከለክለኛለች ብዬ። አብጦ መግል ቋጥሯል።

«እኔን ታስተምሪያለሽ፣ አንቺ ትደብቂያለሽ?»

«ተመስገን፣ ደህና...»

«እማ!»

ረክሻ በሚሏት ባጃጅ ጭና ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

በፈተናው ቀን ከስደተኞች ካምፕ የመጡ አንዲት እናት ደረሷት። እንደነገረችኝ፣ መጀመሪያ ስለ ፍየሎቻቸው ብቻ አወሩ፤ አስተማሪዋ ሰዓቷን ደጋግማ ታይ ነበር። ልጄ ግን አልቸኮለችም። «አሁን ፍየሎቹን የሚያልባቸው ማነው?» ስትላቸው ሴትዮዋ ደረታቸውን ያዙና ጎንበስ ሲሉ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ነገሯት።

አለፈች።

እኔ ይኸው እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ተቀምጫለሁ። ቁስሉ እስኪደርቅ ከግቢ እንዳልወጣ ታዝዟል። ከሐኪም ቤት ልምምዷ ስትገባ ነጭ ልብሷን ሳታወልቅ «እማ፣ የት ደረስሽ?» ትለኛለች። «እስከ በሩ» እላታለሁ። ትናንት እስከ ጎረቤት ደርሼ ነበር። ቁጭ ብላ ካጫወተችኝ እነግራታለሁ።